አንድ መኪና፣ አራት ሹፌር፦ በጋራ ለምንነዳት የኤሌክትሪክ መኪና ለየሰው ፕሮፋይል አወጣጥ

ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ይታጠፋል፣ ደግሞ ይታጠፋል፣ ደግሞ ይታጠፋል። ታች ሜዳው እየተገለጠ ሲመጣ ሙቀቱም አብሮ ይመጣል። አንድ እሁድ ከሰዓት እዚያ ቁልቁለት ላይ እግሬን ከነዳጅ መስጫው አነሳሁ። መኪናችን የኤሌክትሪክ ናት፤ እኛ ቤት ግን ፔዳሉ አሁንም "ነዳጅ መስጫ" ነው። እግሬን ሳነሳ እንደ ወትሮዋ ራሷን ትይዛለች ብዬ ነበር። አልያዘችም። ተንደረደረች። ከፊቴ ደግሞ ጭነት የሞላ አይሱዙ እያዘገመ ይወርድ ነበር።

ፍሬን ረገጥኩ፤ ያዘ። ሰው አልተጎዳም፣ መኪናም አልተነካም። ግን ከሐረማያ የገዛነው የካሮት ፌስታል ከኋላ ወንበር ተገለበጠ። አንዱ ካሮት ከወንበሬ ስር ተንከባልሎ መጥቶ ተረከዜን ነካኝ። ፍሬኑ ስር ገብቶ ቢሆንስ? ይህን ሳስብ እስካሁን ሆዴ ይሸበራል።

የሆነው እንዲህ ነው። እስከ ደንገጎ የነዳው የባለቤቴ የእህት ልጅ ነበር። ደንገጎ ላይ ቦታ ተቀያየርን። እኔ ወንበሩን ወደ ፊት ሳብኩና ተነሳሁ። እሱ እግሩን ሲያነሳ መኪናዋ እንድትይዝበት አይወድም። ስለዚህ የመያዝ ኃይሏን ዝቅ አድርጎት ነበር። እኔ ደግሞ የለመድኩት ከፍ ያለውን ነው። እሱ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። መኪናዋ የእያንዳንዱን ሰው የወንበርና የአነዳድ ምርጫ ለየብቻ የምታስታውስበት ፕሮፋይል የሚባል ነገር እንዳላት አራታችንም እናውቅ ነበር። ያወጣው ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ያን ማታ ቁጭ ብለን ጀመርነው። አንድ ማታ የሚያልቅ መስሎን ነበር፤ ሦስት ሳምንት ፈጀ። እናንተ በአንድ ከሰዓት እንድትጨርሱት ነው የምጽፈው።

እነማን እንደምንነዳት ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ከሰዎቹ ይጀምራል። እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ቤታችን ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ52 ነው። ባለቤቴ 1 ሜትር ከ85 ነው። አባባ፣ የባለቤቴ አባት፣ ሐረር ነው የሚኖሩት። ፔጆ 404 ታክሲ ብዙ ዘመን ነድተዋል፤ አሁን አንገታቸው እንደ ልብ አይዞርላቸውም። ልጁ፣ ያ የባለቤቴ የእህት ልጅ፣ 22 ዓመቱ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ኮንትራት ይሠራባታል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከከለከለ ወዲህ እንዲህ ያለ ቤት በዝቷል። አንዷን የኤሌክትሪክ መኪና ቤተሰብ ተረባርቦ ይገዛታል፤ ከዚያ ሁሉም ይነዳታል።

መጀመሪያ የመኪናዋ አካውንት የማን ነው?

ፕሮፋይል ሁለት ነገር ነው፤ ሰው ግን አንድ ያደርገዋል። አንዱ መኪናዋ ውስጥ የሚቀመጠው ነው፦ የወንበር፣ የስፖኪዮ፣ የአነዳድ ምርጫ። ሌላው በኢንተርኔት ከስልክ ጋር የተያያዘው ዋና አካውንት ነው። ይሄኛው ከባድ ነው። ዋናው አካውንት በእጁ ያለ ሰው በስልኩ አፕ መኪናዋ የት እንደቆመች ሊያይ ይችላል። በሩን ከሩቅ ሊከፍትም ይችላል።

እና መኪናዋን ስትገዙ አካውንቱ በደላላው ወይም ባስመጣው ሰው ስልክ ተከፍቶ ከሆነ፣ ሊብሬው በእናንተ ስም መዞሩ ብቻ አይበቃም። አካውንቱም ይዙር። ሰውየው አጠገባችሁ ቆሞ ከስልኩ ላይ መኪናዋን ያጥፋ፤ እናንተ በራሳችሁ ስልክ መዝግቧት። ለቻይና ገበያ ተሠርተው የመጡት ላይ አካውንት ለመክፈት የቻይና ስልክ ቁጥር ሊጠየቅ ይችላል። እንዲህ ከሆነባችሁ አትጨነቁ፤ ከመኪናዋ ጋር የተሠራው የወንበር ማስታወሻ ኢንተርኔት አይፈልግም። ቢያንስ ግን የድሮው ባለቤት ስም ከስክሪኑ ላይ መውጣቱን እዩ።

እኛ ቤት ዋናው አካውንት በእኔ ስልክ ነው። ባለቤቴ ራሱ ነው "አንቺ ያዢው" ያለኝ፤ እሱ ስልክ በየጊዜው ስለሚቀይር። ማን ይያዘው የሚለውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ኋላ ቅሬታ የሚያመጣው ይሄ ነው።

ስክሪኑ በቻይንኛ ከሆነ ከሁሉ በፊት ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ መልሱት። ጥርስ ያለው ጎማ የምትመስለው ምልክት ሴቲንግ ናት። እዚያ ውስጥ የዓለም ሉል የምትመስል ወይም ትልቅ ኤ ፊደል ያለባት ምልክት ፈልጉ። ማንኛውንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት የነበረውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ከተበላሸ በፎቶው ትመልሱታላችሁ። የፕሮፋይሉ ቦታ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሰው ጭንቅላትና ትከሻ በምትመስል ምልክት ነው የሚታወቀው፤ ከስክሪኑ ላይኛው ጠርዝ ወይም ሴቲንግ ውስጥ ታገኟታላችሁ።

ከስክሪኑ በፊት ወንበሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ፕሮፋይል ይከፍታል፣ ስሙን ይጽፋል፣ ፎቶ ያደርግበታል፤ ከዚያ በነበረበት አቀማመጥ "ሴቭ" ይላል። መኪናዋ የምታስታውሰው ያንኑ የተሳሳተ አቀማመጥ ነው። በየቀኑ እየደጋገመች እሱኑ ታመጣላችኋለች።

እኔ ስድስት ወር ያህል ከጀርባዬ ትራስ አድርጌ ነድቻለሁ። ከተማችን ውስጥ እንዲህ የሚነዱ ሴቶች ብዙ አያለሁ፤ በዚህ ነገር ከልቤ ነው የምናገረው። ወንበሩ ለባል ተስተካክሏል፤ ሴቷ ደግሞ "ላስቸግር አይገባም፣ ኋላ መልሼ ማስተካከሉ ጣጣ ነው" ብላ በትራስ ትሞላዋለች። ትራስ ይንሸራተታል። ድንገት ፍሬን ስትረግጡ ሰውነታችሁ ወደ ኋላ የሚደገፍበት ያጣል። ፕሮፋይል የተሠራው ለዚህ ነው። ቁልፍ ስትጫኑ ወንበሩ ይመጣላችኋል፤ ለባላችሁም አንድ ቁልፍ ነው። ማንም ማንንም አያስቸግርም።

ማስተካከሉ በቅደም ተከተል ነው። መኪናዋ ፒ ላይ ትቁም። የምትነዱበትን ጫማ አድርጉ፤ በነጠላ ጫማ አትለኩት።

ከፍታውን አስቀድሙ። አጭር ሰው ወንበሩን ከፍ ያድርግ፤ ከመሪው በላይ አስፋልቱን በደንብ እስኪያይ። ረጅም ሰው ከራሱ በላይ አራት ጣት የሚያህል ክፍት ቦታ ይተው። ከዚያ ርቀቱ፦ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ስትረግጡ ጉልበታችሁ ትንሽ እንደታጠፈ መቅረት አለበት። ከተዘረጋ ርቃችኋል። ከዚያ መደገፊያው፦ ትከሻችሁ ሳይነሳ ክንዳችሁን ስትዘረጉ አንጓችሁ መሪው አናት ላይ ማረፍ አለበት።

አሁን ሜትር ያስፈልጋችኋል። እኔ መጋላ ከአንድ ልብስ ሰፊ ተውሼ ነው የለካሁት። ከመሪው መሃል እስከ ደረት አጥንታችሁ ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ይኑር። ኤርባጉ ሲፈነዳ የሚያስፈልገው ቦታ ነው። እኔ መጀመሪያ ስለካ 19 ሆነ። 19! እጄ ላይ የልብስ ሰፊውን ቢጫ ሜትር ይዤ ዝም ብዬ አየሁት። መደገፊያውን ሁለት ደረጃ ወደ ኋላ አዘነበልኩ። መሪውን ወደ እኔ ሳልስብ ወደ ታች ዝቅ አደረግኩት። ወንበሩን ደግሞ ከፍ አደረግኩት፤ ከፍ ሲል እግሬ ወደ ታች ስለሚረግጥ ትንሽ ወደ ኋላ መሸሽ ቻልኩ። 26 ሆነ። ፔዳሉም አልራቀኝም።

የጭንቅላት መደገፊያው አናት ከራሳችሁ አናት ጋር እኩል ይሁን። ይሄ ብዙ መኪና ላይ በእጅ ነው የሚነሳው፤ ፕሮፋይሉ አያስታውሰውም። በመጨረሻ ቀበቶው። በአንገት ሳይሆን በትከሻ መሃል፣ በሆድ ሳይሆን በዳሌ አጥንት ይለፍ። ነጠላ ወይም ሻሽ የምታደርጉ፣ ቀበቶው ከነጠላው ስር ይሁን። ከላይ ከሆነ ይንሸራተታል። ነፍሰ ጡር እናቶችንም ክትትል ሲመጡ ሁልጊዜ የምነግራቸው ይሄን ነው፦ የታችኛው ቀበቶ ከሆድ በታች።

ወንበራችሁ በእጅ የሚሳብ ከሆነ፣ ትንንሾቹ መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፣ ተስፋ አትቁረጡ። ወንበሩን እስከ ኋላ ግፉትና ወደ ፊት ስትስቡት "ቀጭ" የሚለውን ቁጠሩ። የእኔ ዘጠኝ ቀጭ ነው፣ የባለቤቴ ሁለት ነው ብላችሁ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ የጸሐይ መከላከያው ጀርባ ለጥፉት። ይሄም ፕሮፋይል ነው።

ስፖኪዮ፣ ለባጃጅ

ድሬዳዋ ውስጥ ባጃጅ ከየት በኩል እንደሚመጣ አታውቁም። ከከፊራ እስከ ከዚራ ባለው መንገድ በግራም በቀኝም ይገባሉ። ብዙ ሰው ስፖኪዮውን የራሱን መኪና ጎን ግማሽ ድረስ እንዲያሳየው ያደርጋል። ያ ቦታ ይባክናል። በግራ መስኮት በኩል ጭንቅላታችሁን መስታወቱ እስኪነካ አዘንብሉ፤ በዚያ ሆናችሁ የመኪናችሁ ጎን ጠርዙ ብቻ እንዲታይ የግራውን ስፖኪዮ አስተካክሉ። ለቀኙ ደግሞ ወደ መሃል አዘንብላችሁ እንደዚያው አድርጉ። ቀጥ ብላችሁ ስትቀመጡ የራሳችሁ መኪና አይታያችሁም፤ አጠገባችሁ ያለው ባጃጅ ግን ይታያችኋል።

አባባ በዚህ አልተስማሙም። "የመኪናዬን ጎን ካላየሁ የት እንዳለሁ አላውቅም" አሉኝ። አንገታቸው ስለማይዞር ለእርሳቸው ሌላ አደረግን። የግራውን እንደ ልማዳቸው ተውነው፤ የቀኙን አሰፋነው፤ የኋላ ማርሽ ሲያስገቡ ስፖኪዮው ወደ ታች ዝቅ ብሎ ጎማውን እንዲያሳያቸው አበራንላቸው። ጀጎል ግንብ አጠገብ ሲያቆሙ ይሄ በጣም ጠቅሟቸዋል። የፕሮፋይል ትልቁ ነገር ይሄ ይመስለኛል፤ እኔ ልክ ነኝ ብዬ ሽማግሌ ሰው ላይ መጫን አላስፈለገኝም።

ይሄ ሁሉ ሲያልቅ ነው "ሴቭ" የሚባለው። ወንበሩን፣ መሪውን፣ ስፖኪዮውን አንድ ላይ። ወንበር ላይ 1፣ 2፣ 3 የሚሉ ቁልፎች ያሏቸው መኪኖች አሉ፤ ብዙ ጊዜ የማስቀመጫውን ቁልፍ ከተጫናችሁ በኋላ ቁጥሯን ትጫናላችሁ፤ ድምፅ ትሰጣለች። ቁጥሩ ከሦስት ካላለፈና እናንተ አራት ከሆናችሁ፣ አብዛኛውን ቀን የሚነዱት ይያዙት። እኛ የልጁን በስክሪኑ ፕሮፋይል ብቻ ተውነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የባለቤቴ ፕሮፋይል ሲመጣ ወንበሩ በአንዴ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከኋላው ልጅ ተቀምጣ ከሆነ ጉልበቷን ያጣብቃል። ፕሮፋይል ከመቀየራችሁ በፊት ወደ ኋላ ዙሩና እዩ። ወንበሩ እየሄደ ሳለ የትኛውንም የወንበር ቁልፍ ስትነኩ መቆም አለበት፤ እናንተ መኪና ላይ የሚያቆመው የትኛው እንደሆነ ባዶ መኪና ላይ ሞክሩት። እየነዱ ፕሮፋይል መቀየር ግን በጭራሽ።

እግር ሲነሳ የምትይዘው ነገር

የደንገጎውን ጉዳይ ለአባባ ስነግራቸው ወዲያው ገባቸው። "ይሄማ በማርሽ መያዝ ነው" አሉ። "በፔጆ ደንገጎን በሁለተኛ ማርሽ ነበር የምንወርደው፣ ፍሬኑ እንዳይግል።" ልክ ናቸው፤ ልዩነቱ የኤሌክትሪኳ ኃይሉን አትጥለውም። እግራችሁን ስታነሱ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ይዞራል፤ መኪናዋን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ድሬዳዋ 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐረማያ 2000 ገደማ። ከነሰዎቹ ሁለት ቶን የምትሆን መኪና ያን 800 ሜትር ለመውጣት፣ መንገዱ ራሱ ከሚበላው ሌላ፣ ከ4 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ትከፍላለች። ስትወርድ ከዚያ ውስጥ ጥሩውን ድርሻ መልሳ ታገኛለች። ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ሰው ግን ከዚያ የተወሰነውን የፍሬኑ ሸራ ላይ ሙቀት አድርጎ ሊጨርሰው ይችላል።

የመያዝ ኃይሉ ብዙ መኪና ላይ ሁለት ወይም ሦስት ደረጃ አለው። ለቁልቁለቱ ከፍ ያለውን እመክራለሁ። ከተማ ውስጥ ግን ለማይለምደው ሰው ያንገጫግጫል፤ ከኋላ የተቀመጠውን ያስመልሳል። ልጁ ደንበኛ ስለሚጭን ዝቅ ያለውን መውደዱ ስህተት አይደለም። ስህተቱ ለሚቀጥለው ሰው መተላለፉ ነበር።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ ይህ ምርጫ ከፕሮፋይሉ ጋር ይቀየራል ወይስ መኪናዋ ላይ እንዳለ ይቀራል? መኪናዎች በዚህ ይለያያሉ። በግምት አትመኑት። እንዲህ ፈትኑ። በራሳችሁ ፕሮፋይል ከፍ ያለውን አድርጉ። ወደ ሌላው ሰው ፕሮፋይል ሂዱና ዝቅ አድርጉት። ወደ ራሳችሁ ተመለሱ። ከፍ ብሎ ካገኛችሁት ፕሮፋይሉ ይይዘዋል። ዝቅ እንዳለ ከሆነ አይይዘውም። ከዚያ መኪናዋን አጥፉ፣ ቆልፉ፣ አንድ ሩብ ሰዓት ቆይታችሁ ድገሙት፤ አንዳንዱ ሲጠፋ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ኢኮ፣ ኖርማልና ስፖርት የሚሉትንም እንደዚሁ ፈትኑ።

እኛ ይህን በልጄ ደብተር ላይ መስመር አስምረን ነው የሠራነው። በአንድ በኩል የምርጫው ስም፣ በሌላ በኩል "ከሰው ጋር ይሄዳል" ወይም "መኪናዋ ላይ ይቀራል"። የእኛ ላይ ወንበርና ስፖኪዮ ከሰው ጋር ይሄዳሉ። የመያዝ ኃይሉ መኪናዋ ላይ ይቀራል! ያን ቀን ፕሮፋይል ቢኖረን እንኳ አያድነንም ነበር ማለት ነው። ስለዚህ እሱን ያስያዝነው በቃል ነው፤ ኋላ እመጣበታለሁ።

ሌላም ነገር አለ። ባትሪው 100 ሞልቶ ከሆነ የሚገባው ኃይል ቦታ የለውም፤ መኪናዋ ብታዟትም በደንብ አትይዝም። ከሐረር ሞልታችሁ ብትነሱ ደንገጎ እስክትደርሱ ጥቂት ስለምትጠቀሙ ቦታ ይገኛል። ከሐረማያ ወይም ከደንገጎ አጠገብ ሞልቶ የሚወርድ ሰው ግን 90 ላይ ያቁመው።

ቁልፍና ስልክ

መኪናዋ ማን እንደገባ ብዙ ጊዜ የምታውቀው በቁልፉ ወይም በተመዘገበው ስልክ ነው። ፕሮፋይሉ ከተከፈተ በኋላ ቁልፍን ከሰው ጋር የሚያያይዝ ቦታ ሴቲንግ ውስጥ ካለ፣ ያን ጊዜ የዚያ ሰው ቁልፍ ብቻ መኪና ውስጥ ይሁን። ሌላውን ቤት ተዉት። ሁለት ቁልፍ ወይም ሁለት የተመዘገበ ስልክ አብሮ ካለ መኪናዋ ልትሳሳት ትችላለች። ባልና ሚስት አብረው ሲወጡ ይሄ ሁልጊዜ ያጋጥማል። እኔ ልነዳ ገብቼ ወንበሩ ለባለቤቴ ወደ ኋላ ሲሸሽ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከመነሳታችሁ በፊት ስክሪኑ ላይ ያለውን ስም ማየት።

ቢዋይዲ መኪኖች ላይ የሚመጣው ካርድ በሹፌሩ በኩል ባለው ስፖኪዮ ላይ ነው የሚነካው። ካርዱ በር ይከፍታል፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ የትም አይጣል። ካርዶቹ ሁሉ ስለሚመሳሰሉ እኛ በቀለም ፕላስተር ለይተናቸዋል። የእኔ ቀይ ነው።

ብሉቱዝ ስታያይዙ መኪናዋ የስልክ ማውጫችሁንና የጥሪ ዝርዝራችሁን ልቅዳ ብላ ትጠይቃለች። በራሳችሁ ፕሮፋይል ውስጥ ሆናችሁ አያይዙ፤ መልእክት ጮክ ብሎ እንዲነበብ ግን አትፍቀዱ። እኔ የወላድ እናቶች መልእክት ሌሊትም ይደርሰኛል። መኪናዋ ውስጥ ደንበኛ ተቀምጦ የሰው ምስጢር እንዲነበብ አልፈልግም። የማዳመጫው ነገር ግን ደስ ይላል። አባባ ሲገቡ ቁርአናቸው ካቆመበት ይቀጥላል፣ ድምፁም እርሳቸው በሚሰሙበት ልክ ነው፤ እኔ ስገባ ዝቅ ይላል።

የሰዓት ነገር

እዚህ ላይ የእኛ አገር ሰው ብቻ የሚገባበት ጉድጓድ አለ። ግንቦትና ሰኔ ድሬዳዋ ላይ መኪና ውስጥ መግባት እሳት ውስጥ መግባት ነው፤ የቀበቶው ብረት እንኳ ያቃጥላል። ስለዚህ ከመውጣቴ በፊት ኤሲው ቀድሞ እንዲነሳ የመውጫ ሰዓት ሞላሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ነው የምወጣው፤ 1:30 ብዬ ጻፍኩ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን ግቢ ውስጥ የማራገቢያ ድምፅ ሰማሁ። መኪናዋ ባዶዋን እየቀዘቀዘች ነበር። ጠዋት ስገባ ደግሞ እንደ እቶን ሆና ጠበቀችኝ።

የመኪናዋ ሰዓት የፈረንጅ ነው። የቀኑ ላይ ስድስት ደምሩ፦ ጠዋት 1:30 ማለት 7:30፣ ከሰዓት 9 ማለት 15:00። የማታው ላይ 18 ደምሩ፦ ማታ 2 ማለት 20:00። ከ24 ካለፈ 24 ቀንሱ፦ ሌሊት 11 ማለት 5:00። ስክሪኑን በ24 ሰዓት አቆጣጠር አድርጉት፤ ቀንና ሌሊቱ አይምታታም። የሰዓት ቀጠናውም የቻይና ሆኖ ሊመጣ ስለሚችል አረጋግጡ፤ የእኛ ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት ይቀድማል። ኬብሉ እንደተሰካ ብታቀዘቅዟት ደግሞ ኃይሉን በዋናነት ከቤት መስመር ስለምትወስድ ባትሪያችሁ ይቆጠባል።

ለሁሉም የሆነው

ፕሮፋይል የማይከፋፍለው ብዙ ነገር አለ። ቻርጁ ስንት ላይ ይቁም የሚለው፣ የቻርጅ ሰዓቱ፣ የበር አቆላለፉ፣ የጎማ ንፋስ ማስታወቂያው፤ እነዚህ ብዙ ጊዜ የመኪናዋ ናቸው። አንዱ ቻርጁን 60 ላይ እንዲቆም ካደረገ፣ ነገ ሐረር ሊወጣ ያሰበውም 60 ነው የሚያገኘው። እኛ እነዚህን ያለ ምክክር ላለመንካት ተስማማን። የሚቀይር ካለ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ አንድ መስመር ይጽፋል።

መኪናዋን ለእጥበት ወይም ለጋራዥ ስትሰጡ በእንግዳ ፕሮፋይል ስጡ፤ ስልካችሁም የቤት አድራሻችሁም አይታይም። ለወጣት ሹፌር የፍጥነት ገደብ የሚያበጅ መኪናም አለ። ለልጁ ልናበጅለት ስናስብ መጀመሪያ ጠየቅነው። "አቦ አክስቴ፣ እንደዚያ ካመናችሁብኝ አድርጉት" አለኝ፤ ቅር ብሎት ነበር። ደንበኞች ፍጠን ሲሉት "መኪናዋ ራሷ አትፈቅድም" ማለት እንደሚችል ስነግረው ግን ተቀበለው። በስውር ብናደርገው ኖሮ ሌላ ነገር ይሆን ነበር።

ፕሮፋይል በሚስጥር ቁጥር ሊቆለፍ ይችላል። ይሄ ግን መኪናዋን አይቆልፍም፤ ቁልፍ የያዘ በእንግዳ ገብቶ ሊነዳ ይችላል። ሶፍትዌሩ አፕዴት ሲደረግ ወይም መካኒክ ትንሿን 12 ቮልት ባትሪ ሲነቅል የተቀመጠው ሊጠፋ ስለሚችል፣ ከጋራዥ ስትመለስ እንደገና እዩት። ለዚህ ነው የእያንዳንዳችንን ቁጥሮች ደብተሩ ላይ ያስቀመጥነው፤ የእኔ 26 ሳንቲ ሜትርም እዚያ ተጽፏል። መኪናዋን የምትሸጡ ዕለት ደግሞ ሁሉንም ፕሮፋይል፣ ስልክና አድራሻ አጥፉ፤ አካውንቱንም ከስልካችሁ ላይ አውጡ።

አሁንም እሁድ እሁድ ደንገጎ ላይ ቦታ እንቀያየራለን። ልጁ ሳይወርድ በፊት ሁለት ነገር ይነግረኛል፦ የመያዝ ኃይሉ የት ላይ እንዳለና ባትሪው ስንት እንደሆነ። እኔ ገብቼ ስሜን ስክሪኑ ላይ አያለሁ፣ ወደ ኋላ ዞሬ የልጄን ጉልበት አያለሁ፣ ወንበሩ እስኪመጣልኝ እጠብቃለሁ። ከዚያ የመያዝ ኃይሉን ከፍ አድርጌ፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ባለው ሜዳ ላይ እግሬን አንዴ አንስቼ መያዟን እፈትሻለሁ። ካሮቱ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው፣ አፉ ታስሮ።